ማስተካከያ፦ ሴሱ ሀያካዋ ኦስካር አላሸነፈም

ሰሞኑን ብዙዎች የተጋሩት አንድ ጽሑፍ ሴሱ ሀያካዋን «ኦስካር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ተዋናይ» ይለዋል። ይህ ስህተት ነው።

በሸላሚው አካዳሚ መዝገብ መሠረት ሀያካዋ በ1958 (እ.ኤ.አ.) በምርጥ ረዳት ተዋናይ ዘርፍ ታጨ እንጂ አላሸነፈም። ሽልማቱን የወሰደው ሬድ በተንስ ነው። በዚያው ምሽት ግን ጃፓን ተወልዳ ያደገችው ሚዮሺ ኡሜኪ በሴቶቹ ረዳት ተዋናይ ዘርፍ አሸነፈች። ስለዚህ ስህተቱ የእሷን ክብር ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ይህ ደግሞ ያሳዝናል።

ሀያካዋ የሚያኮራ የራሱ ታሪክ አለው። በ1915 በድምፅ አልባ ፊልም ዝናው ናኘ። በ1918 ደግሞ እዚያው ሆሊውድ የራሱን የፊልም ኩባንያ አቋቋመ። ለስደተኛ ይህ ቀላል አልነበረም። ጽሑፉን ያጋራችሁ እባካችሁ አስተካክሉት።