ፊለሩን ቆርጠሽ ጫኚልኝ

የክርክሩ ሐሳብ፦ የአኒሜ (የጃፓን ተከታታይ የካርቱን ፊልም) ፊለር ክፍሎች ጭራሽ ባይኖሩ ይሻላል።
ደጋፊ፦ እንድሪስ፣ ከኮምቦልቻ። ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል።
ተቃዋሚ፦ ዘሀራ፣ ከደሴ። ፒያሳ ፊልም ትጭናለች።

እንድሪስ፦

ነገሩ የተነሳው ዘሀራ ሱቅ ውስጥ ስለሆነ ከዚያው ልጀምር። ከኮምቦልቻ ደሴ ወጥቼ ናሩቶ የሚባለውን አኒሜ አስጫንኩ። የመጀመሪያውን፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2007 የወጣውን፣ 220 ክፍል።

የሌሊት ተረኛ ስሆን ጠዋት ቤት ገብቼ ሁለት ክፍል አያለሁ፣ ከዚያ እተኛለሁ። ያለኝ ጊዜ ይቺው ናት። የናሩቶ ጓደኛ ሳሱኬ መንደሩን ጥሎ ሄደ። ናሩቶ ሊመልሰው ሮጠ፣ ፏፏቴው ጋ ደረሰበት፣ ተዋጉ፣ አልተመለሰም። የዚያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ጉጉቴን ይዤ ስከፍት ሌላ ወሬ። በሦስተኛው ቀንም ሌላ ወሬ። ከ136ኛው ጀምሮ እስከ ማለቂያው፣ 80 የሚሆን ክፍል፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ፊለር ነው። በቀን ሁለት ለሚያይ ሰው 40 ቀን ማለት ነው። አንዱ ክፍል ላይማ ሺኖ፣ ያ ዝምተኛው ልጅ፣ ሳቁን ማቆም አቅቶት ሲንከተከት ይውላል። እኔ የሳሱኬን ነገር እየጠበቅኩ!

ፊለር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ባጭሩ፦ አኒሜው የሚሠራው ከማንጋ፣ ከጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ነው። ማንጋው በሳምንት አንድ ምዕራፍ ይወጣል፣ 20 ገጽ ቢሆን ነው። አኒሜውም በየሳምንቱ ይወጣል፣ ግን አንዱ ክፍል ብዙ ጊዜ ከአንድ ምዕራፍ በላይ ይበላል። ስለዚህ ይደርስበታል። ሲደርስበት ስቱዲዮው ደራሲው ያልጻፈውን ታሪክ ከራሱ አምጥቶ ይሰካል። ማንጋው ራቅ እስኪል ድረስ ተመልካቹን ይዞ ለማቆየት።

ይህ ወጥ ላይ ውሃ መጨመር ነው። ውሃ የገባበት ወጥ ደግሞ ለእንግዳ አይቀርብም። ዘሀራን የጠየቅኳት አንድ ነገር ነው፣ ፊለሩን ቆርጠሽ ጫኚልኝ። እምቢ አለች።

ዘሀራ፦

አያ እንድሪስ፣ ውሃ የገባበት ወጥ ለእንግዳ አይቀርብም አልክ። ወሎ ተወልደህ ይህን ጻፍክ?

እኛ ቤት እንግዳ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም። ማታ በሩ ይንኳኳል፣ ሦስት ሰው ይገባል። እናቴ ማድ ቤት ትገባና ድስቱን ከፍታ ታያለች። ውሃ ጠብ ታደርጋለች። ሽሮ ትበትናለች፣ ጨውና በርበሬውን ታስተካክላለች፣ እሳቱን ትቆሰቁሳለች። ከዚያ ቤት ሳይበላ የወጣ ሰው አላውቅም። ያ ወጥ ነው ያሳደገን። አንተንም እንደዚያው።

አሁን 101ኛውን ክፍል ልንገርህ። እሱም ፊለር ነው፣ ማንጋው ላይ የለም። ናሩቶ፣ ሳሱኬና ሳኩራ የአስተማሪያቸውን የካካሺን ፊት አይተው አያውቁም፣ ሁልጊዜ ጭምብል አለ። እናይ ብለው ራመን፣ የጃፓን የፓስታ ሾርባ፣ ይጋብዙታል። ሊበላ ጭምብሉን ሲያወርድ ኢኖ የምትባል ልጅና ጓደኞቿ መጥተው መሃል ላይ ይገተሩባቸዋል። ዞር ሲሉ ሳህኑ ባዶ፣ ጭምብሉም ቦታው ላይ። ያየው ባለምግብ ቤቱና ልጁ ብቻ ነው፣ እነሱም ፈዘው ቀርተዋል። ቀኑን ሙሉ ሦስቱ ልጆች እየተሹለኮሉ ይከተሉታል። ኩሩው ሳሱኬ ሳይቀር! መጨረሻ ላይ ሲያወልቀው ከጭምብሉ ሥር ሌላ ጭምብል አለ።

ከዚያ ጥቂት ክፍል ሳይቆይ ነው ሳሱኬ የሚሄደው። ያንን ቀን አብረው ሲሯሯጡ ያላየ ሰው ሲለያዩ ምን ያመዋል? እንቅልፍ ያሳጣህ ያ ፏፏቴ ጉልበቱን ያገኘው ከእንዲህ ዓይነቶቹ ክፍሎችም ጭምር ነው። እና እሱን ቁረጪልኝ ትለኛለህ።

እንድሪስ፦

እናትሽን ከዚህ ክርክር ብታወጪያት ደስ ይለኝ ነበር። የእኔም እናት እንደዚያው ነበረች፣ ስለ ወጥ የሚያስተምረኝ ሰው አልፈልግም።

እናትሽ ውሃ የጨመረችው ሦስት ሰው ስለገባ ነው። ስቱዲዮው ጋ ማን ገባ? እኔው ነኝ፣ ያው አንዱ ሰው። ሳልጨርስ ከፊቴ ላይ አንስቶ እያቀጠነ የሚያመጣልኝ ለምንድን ነው? እናትሽ እኮ እንግዳው ይጥገብ ብላ ነው። እዚያ ግን የቴሌቪዥን ሰዓቷ እንዳትለቀቅ ነው።

የናሩቶን ቀጣይ ሺፑደንን ውሰጂ፣ 500 ክፍል። አራተኛው ጦርነት እሳት ሆኖ፣ ዓለም ልትጠፋ ስትል፣ መሃል ላይ የናሩቶ አስተማሪ ጂራያ ጻፈው የተባለ መጽሐፍ ታሪክ ይገባል። ወደ 20 የሚጠጋ ክፍል! ማንጋው እ.ኤ.አ. 2014 ላይ አልቋል፣ አኒሜው ግን እስከ 2017 ተጎተተ። ብሊች የሚባለው ሌላው አኒሜስ? ሶል ሶሳይቲ የሚሉት የታሪኩ ምዕራፍ አልቆ ገና አፋችን እንደተከፈተ ከ64 እስከ 109 የባውንቶች ታሪክ። ደራሲው ኩቦ ማንጋው ላይ እነሱን አልጻፈም። 46 ክፍል አይተሽ ስትመለሺ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ድራገን ቦል ዚ 291 ክፍል ነበር። እ.ኤ.አ. 2009 ላይ ራሳቸው ባለቤቶቹ ካይ ብለው እንደገና አወጡት፣ ፊለሩን እየቆረጡ። ሠሪዎቹ ራሳቸው ትርፍ እንደነበረ ከመሰከሩ ዘሀራ የምትከላከለው ማንን ነው? እኔ የምከፍለው በጊጋ ነው። መብራቱ ደግሞ ደስ ሲለው ይመጣል፣ ደስ ሲለው ይሄዳል። በዚያች በመጣችበት ሰዓት የማላውቃቸውን ባውንቶች አላይም።

ዘሀራ፦

«ሳልጨርስ ከፊቴ አንስቶ» አልክ። ማን አነሳብህ? ድስቱ ውስጥ ሌላ ወጥ አልነበረማ! የናሩቶ ደራሲ ኪሺሞቶ ገና አልጻፈውም። ፊለሩ ቢቀር ቀጣዩ ክፍል ቶሎ የሚመጣ ይመስልሃል፣ አይመጣም። የሚመጣው ባዶ ሳህን ነው።

ወይም መጎተት ነው የሚመጣው። ዋን ፒስ የሚባለውን አኒሜ ተመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አለ። ፊለሩ እየቀነሰ ሲሄድ ምን ተፈጠረ? አንዷን ምዕራፍ ለአንድ ክፍል መለጠጥ። ያለፈው ክፍል ትዝታ፣ ከዚያ ሩጫ፣ ከዚያ ሁሉም በየተራ ሲደነግጥ ማሳየት። እሱን ነው ውሃ ማለት። ከ196 እስከ 206 ያለው የጂ8 ፊለር ግን ጀግኖቹ የባሕር ኃይል ምሽግ ውስጥ ገብተው እንዴት እንደሚወጡ ነው፣ ሱቄ የሚመጡ ልጆች አሁንም ፈልገው ያስጭኑታል።

ድራገን ቦልን የቆረጡት ባለቤቶቹ ናቸው፣ የራሳቸው ነው፣ ይቁረጡ። እኔ ፒያሳ ላይ አንድ ኮምፒውተር ያለኝ ሰው ነኝ። የሰው ሥራ ከመሃሉ ገንጥዬ ይኸው ናሩቶ ብዬ አልሰጥም። ነገ አንድ ልጅ መጥቶ 101 የታለ ቢለኝ ምን ልለው ነው?

ሺኖን ደግሞ አነሳህብኝ። አካባቢው ኔት የሌለበት ጊዜ ትዝ ይልሃል መቼስ። እኔ ጋ የቀረው አንድ ሃርድ ዲስክ ነበር፣ ውስጡ ያሉት የናሩቶ የመጨረሻዎቹ ክፍሎች፣ ያ አንተ የምትጠላው 80። ሌላው ተበላሽቷል። ታናሽ ወንድሜ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ላፕቶፑን መብራት ሲመጣ እንሞላለን፣ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን አንድ ክፍል እናያለን። አንድ ብቻ፣ ባትሪው ለነገ እንዲተርፍ። ልጁ ለሳምንታት ድምፁ ጠፍቶ ነበር፣ ሲጠሩት እንኳ በጭንቅላቱ ነበር የሚመልሰው። ሺኖ መሳቅ ሲጀምር እሱም ጀመረ። እናቴ ከወዲያኛው ክፍል ምን ሆናችሁ ብላ መጣች። ወላሂ ሦስት ጊዜ ነው ያሳየሁት። ባትሪውም አለቀ።

እንድሪስ፦

ስለ ወንድምሽ አልከራከርም። አላህ ያሳድገው።

ግን ያን ጊዜ ያያችሁት ሌላ ስላልነበረ ነው። ዛሬ ሌላ አለ። ዲመን ስሌየር እ.ኤ.አ. በ2019 በ26 ክፍል ወጣ፣ ቆመ፣ ሲደርስ ቀጠለ። አታክ ኦን ታይታን ከመጀመሪያው ሲዝን እስከ ሁለተኛው ከ2013 እስከ 2017 አራት ዓመት አስጠበቀን። ጠበቅን። ባዶ ሳህን ካልሽው፣ እኔ ባዶውን እመርጣለሁ። ወጡ እስኪበስል ቁጭ ብዬ የምጠብቅ ሰው ነኝ፣ እያቆራረሱ የሚያታልሉኝ ልጅ አይደለሁም።

ደግሞ እኔ ሱቅሽን አላማሁም። የሰው ሥራ ገንጥዪ ያልኩሽም አስመስለሽ ጻፍሽ። የጠየቅኩት ለራሴ ፍላሽ ነው፣ ለሰው ሁሉ አላልኩም። ገንዘቤን ከፍዬ ምን እንደምጭን መምረጥ አልችልም? ሻይ ያለ ስኳር ብል ያመጡልኛል አይደል?

ዘሀራ፦

መጀመሪያ ላይ «ጭራሽ ባይኖሩ» ብለህ ነው የገባኸው። አሁን «ለራሴ ፍላሽ» ሆነ። ደህና። ለራስህማ መዝለያው እጅህ ላይ ነው፣ አንድ ቁልፍ ነው፣ እኔን ምን አስፈለገህ?

አራት ዓመት ጠበቅኩ ስትል ደስ ብሎህ ነው። እኔ ሱቅ የሚመጡትን አይቻለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ የገጸ ባሕርያቱን ስም ረስተው፣ «ከየት ነበር ያቆምነው» ብለው ከመጀመሪያው እንደገና የሚያስጭኑ አሉ። በየሳምንቱ የሚመጣ ነገር እንደ ጎረቤት ነው። አንዳንድ ቀን ቁም ነገር ይዞ ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን እንዲሁ ሊቀመጥ ይመጣል። እንዲሁ የመጣ ቀን በር አይዘጋበትም።

እንድሪስ፦

መዝለያውማ አለ። የቱን እንደምዘል ግን ሳላየው በምን አውቃለሁ? ችግሩ እኮ እሱ ነው! 40 ቀን ካለቀ በኋላ ነው ፊለር እንደነበረ የሰማሁት፣ ያውም ካንቺ። ስትጭኚልኝ ታውቂ ነበር። «አያ እንድሪስ፣ ከ136 በኋላ ዋናው ታሪክ የለም» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ያናደደኝ እሱ ነው፣ ከሳሱኬም በላይ።

ዘሀራ፦

እሱ ልክ ነው። መንገር ነበረብኝ። ወረፋ ነበር፣ ረሳሁት። ከዛሬ ጀምሮ ፍላሹ ውስጥ የትኞቹ ፊለር እንደሆኑ በአንድ ወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ። 101 ላይ ግን «እንዳይዘለል» ብዬ እጽፋለሁ። የሺኖውም ላይ።

እንድሪስ፦

የሺኖውን እንደገና አየዋለሁ፣ ለወንድምሽ ስል። ቅዳሜ ብሊችን ላስጭን እመጣለሁ። ከ64 እስከ 109 ግን እንዳትጭኚ፣ ብትጭኚም ለእነሱ አልከፍልም።

ዘሀራ፦

ሙሉውን እጭናለሁ፣ ትከፍላለህ። በጊጋ ነው።