በሌሊት የሚወድቅ፣ በጠዋት የሚያልፍ ቴስት

ይህን ለሰው ካልተናገርሁት ከውስጤ የሚወጣልኝ አይመስለኝም። ሥራዬ የደመወዝ ሶፍትዌር መፈተሽ ነው፤ ሲስተሙ ለየቅርንጫፉ የሚያወጣውን የኤክሴል ፋይል በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) ያነብና ቁጥሮቹን ያመሳክራል፤ ቴስት የምንለው ይህን ነው። ቴስቱ ሌሊት ሰርቨር ላይ ይወድቃል፤ ጠዋት የወደቀበትን ፋይል አውርጄ ስከፍተው ግን ሁሉም ቁጥር ቦታው ላይ ነው፤ በራሴ ኮምፒውተር ስፈትሸውም ያልፋል። ሦስት ቀን ሙሉ «ቴስትሽ ነው የተበላሸው፣ ደግመሽ አስኪጂው» ስባል ሰነበትሁ።

በአራተኛው ቀን ከሰርቨሩ የመጣውን ፋይል በኤክሴል ሳልከፍት፣ እንደ ዚፕ ፈትቼ (የኤክሴል ፋይል በውስጡ ብዙ ፋይሎች የታሸጉበት ዚፕ ነውና) ውስጡን አነበብሁ። ደመወዙ 12,345 ብር የሆነ ሠራተኛ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮው 864.15 መሆን ነበረበት፤ በሴሉ ውስጥ የተጻፈው ግን ፎርሙላው ብቻ ነው፤ ውጤት የሚባል ነገር የለም። ፋይሉን የሚያመነጨው ፕሮግራም ፎርሙላ ይጽፋል እንጂ አያሰላም፤ ስክሪፕቱ ፋይሉን የሚያነብበት ኦፕንፓይኤክስኤል የተባለው የፓይተን መሣሪያም ቀድሞ ተሰልቶ የተቀመጠ ውጤት ካላገኘ ባዶ ይመልሳል። ለካ እኔ ጠዋት ጠዋት ፋይሉን ከፍቼ ስዘጋ፣ ኤክሴል «ይቀመጥ ወይ?» ሲለኝ እሺ እያልሁ፣ የጎደለውን ቁጥር በገዛ እጄ አስሞልቼ ነበር የምፈትሸው።

ይህስ ይሁን፤ የቴክኒክ ነገር ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ቀደም ሲል አንድ ሰው በስክሪፕቱ ውስጥ «ሴሉ ባዶ ከሆነ ዜሮ ተብሎ ይቆጠር» የሚል መስመር ጨምሮ ማለፉ ነው። በማጠቃለያው ገጽ ያለው ድምር በዝርዝሩ ገጽ ካለው ድምር ጋር ሲመሳከር፣ ሁለቱም ባዶ ስለሆኑ ዜሮ ከዜሮ ጋር እኩል እየሆነ ይህኛው የድምር ቴስት አረንጓዴ፣ ማለትም «አልፏል»፣ ሲያበራ ኖሯል። አረንጓዴ የሆነውን ፋይል ደግሞ ማን ከፍቶ ያየዋል? ይህ የሰው ደመወዝ ነው፤ የቤት ኪራይ የሚከፈልበት፣ ልጅ የሚማርበት ገንዘብ ነው። የጎደለበት ሰው መጥቶ ቢጠይቅ «ተፈትሿል» ተብሎ ሊመለስ ነበር።

ያንን መስመር አጠፋሁት፤ ባዶ ሴል ከተገኘ ቴስቱ እንዲወድቅ፣ ከማንበቡም በፊት እንደ ኤክሴል ፎርሙላ የሚያሰላው ሊብሬኦፊስ የተባለ ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ፋይሉን አስልቶ እንዲያስቀምጥ አደረግሁ። ትናንት ማታ፣ ስንት ጊዜ «ያለፈ» የአንድ ቅርንጫፍ ፋይል ወደቀ። ዝርዝሩ እስከ 42ኛው መስመር ይደርሳል፤ የማጠቃለያው ድምር ግን 41ኛው ላይ ይቆማል። 42ኛው ላይ ያለችው በዚህ ወር የተቀጠረች የጽዳት ሠራተኛ ናት።