የማንዙኪችን ሻንጣ የሸከፈው ማን ነው?

ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሾፌሩ የከፈተው የኤፍኤም ስፖርት ፕሮግራም ላይ አንድ ተንታኝ «የዘመናችን ምርጥ አጥቂዎች» እያለ ደረጃ ሲያወጣ ክሮኤሺያዊው ማሪዮ ማንዙኪች ላይ ደረሰና ሳቀ። «እሱማ ዘጠኝ ክለብ የዞረ ሰው ነው፤ የትም አልረጋም፤ ገንዘብ በጠራው ቁጥር አቤት ያለ። የሚታወሰውም በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በራሱ ላይ ባገባው ጎል ነው» አለና ወደ ቀጣዩ ስም አለፈ። አቅራቢውም አብሮት ሳቀ። እኔ በንዴት መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

ከመጨረሻዋ ልጀምር፤ ቀላሏ እሷ ናትና። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) 2018፣ ሞስኮ፣ ክሮኤሺያ ከፈረንሳይ፣ 18ኛው ደቂቃ። ፈረንሳዊው ግሪዝማን የቅጣት ምት መታ፤ ያቺ ቅጣት ምት ራሷ ማንም ሳይነካው የወደቀባት ናት ብዬ እስከ ዛሬ እከራከራለሁ። ኳሷ የማንዙኪችን አናት ጨርፋ ክሮኤሺያ መረብ ውስጥ ገባች። በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ታሪክ የመጀመሪያዋ የራስ ላይ ጎል ናት፤ ማንም አይክደውም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ዘጠኝ ቁጥር አጥቂ የራሱ ጎል አፋፍ ላይ ምን ይሠራ ነበር? ሊከላከል ወርዶ ነዋ! እዚያ ያልወረደ አጥቂ በራሱ ላይ ጎል አያገባም፤ ወገቡን ይዞ መሀል ሜዳ ላይ ቆሞ ያያል። ደግሞስ በ69ኛው ደቂቃ፣ 4 ለ 1 እየተመሩ፣ ሌላው ሰው ተስፋ ቆርጦ ሳለ የፈረንሳይ በረኛ ሎሪስ ላይ ሮጦ ኳሷን ከእግሩ ሥር ነጥቆ ያገባው ማን ነበር? ተንታኛችን ያቺን ጎል ሲደርስ እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል።

ከዚያ በፊት አራት ቀን ወደኋላ ብንመለስ ደግሞ ያንን ፍጻሜ ለክሮኤሺያ የሰጣት ሰው ራሱ ነው። ግማሽ ፍጻሜው ከእንግሊዝ ጋር፣ በተከታታይ ሦስተኛው የተጨማሪ ሰዓት ጨዋታቸው። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ከእንግሊዙ በረኛ ፒክፎርድ ጋር ተጋጭቶ ሳሩ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ አለቀለት ብለን ነበር። በ109ኛው ደቂቃ ፔሪሲች በቴስታ ወደኋላ ጫረ፤ የእንግሊዙ ተከላካይ ስቶንስ ኳሷ የት እንደወደቀች ሲያስብ ማንዙኪች ከጀርባው ሾልኮ በግራ እግሩ ላካት። እኛ ሰፈር ዲኤስቲቪ ቤት ከግማሽ በላዩ ሰው ለእንግሊዝ ነበር፤ ቤቱ ጭጭ ሲል ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ተሰማ። በቴሌቪዥኑ ደግሞ ክሮኤሺያዎቹ ማዕዘን ላይ ተቆልለው አንድ የኤኤፍፒ ዜና ወኪል ፎቶ አንሺ ከሥራቸው ቀርቷል። ሰውየው ተጨፍልቆም ካሜራውን አልለቀቀም፤ ከታች ወደ ላይ ያነሳቸውን ፊቶች ዓለም አየ። ማንዙኪችም ለሱ እጁን ዘረጋለት።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ «ዘጠኝ ክለብ» እንምጣ። ቁጥሩ ትክክል ነው፦ ማርሶኒያ፣ ኤንኬ ዛግሬብ፣ ዲናሞ ዛግሬብ፣ ቮልፍስቡርግ፣ ባየርን፣ አትሌቲኮ፣ ጁቬንቱስ፣ አል ዱሃይል፣ ሚላን። የተሳሳተው ከቁጥሩ የተወለደው ድምዳሜ ነው። አንድ ሰው ቤት ስለቀየረ ዘዋሪ አይባልም፤ አከራዩ አስወጥቶት እንደሆነ ይጠየቃል እንጂ። እስቲ አከራዮቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ባየርን። በ2012 ከቮልፍስቡርግ ሲመጣ ማሪዮ ጎሜዝን የመሰለ ጎል አዳኝ ቀድሞት ነበር። አሰልጣኙ ሄይንከስ ግን ከፊት ሆኖ የሚያሳድድ፣ የሚጋጭ፣ ተከላካይ የሚያስጨንቅ ሰው ፈለገና ማንዙኪችን አሰለፈ። በዚያ ዓመት ባየርን ሦስቱንም ዋንጫ ጠራርጎ ወሰደ፤ በዌምብሌዩ የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ዶርትሙንድ ላይ የመጀመሪያዋን ጎል ያገባውም እሱ ነው። በቀጣዩ ዓመት ጋርዲዮላ በአሰልጣኝነት መጣ። ማንዙኪች በቡንደስሊጋው 18 ጎል አገባ። ታዲያ ክለቡ ምን አደረገ? በጃንዋሪ 2014፣ የውድድር ዘመኑ ገና ግማሽ ላይ ሳለ፣ የዶርትሙንዱን አጥቂ ሌዋንዶውስኪን አስፈረምኩ ብሎ ለዓለም አወጀ። ሰውየው ተተኪው በደጅ ቆሞ እያየ አምስት ወር ማሊያውን እየለበሰ ተጫወተ! በግንቦት የጀርመን ዋንጫ ፍጻሜ ሲደርስ ደግሞ ጋርዲዮላ ከተቀያሪ ወንበር እንኳ አውጥቶ ጣለው። ከዚህ በኋላ ለቀቀ። ታማኝነት የጎደለው ማን ነው? መልሱን ለተንታኛችን ትቼዋለሁ፤ ከፈለገ ለአቅራቢውም ይደውልለት።

አትሌቲኮ። በነሐሴ 2014 በስፔን ሱፐር ካፕ ጨዋታው በተጀመረ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ሪያል ማድሪድ ላይ አገባና ዋንጫው በሷ ጎል ተወሰነ። በሚያዝያ ቻምፒየንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ላይ ደግሞ እነዚያው ማድሪዶች በክርን ብለውት ፊቱ በደም ታጥቦ ሲጫወት ያየ ሰው ምስሉን አይረሳውም። በዓመቱ 20 ጎል ይዞ ጨረሰ። ክለቡ ሸጠውና በቦታው ጃክሰን ማርቲኔዝን በ35 ሚሊዮን ዩሮ አመጣ። ማርቲኔዝ የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ወደ ቻይና ተሸኘ። እንግዲህ ያልረጋው ማንዙኪች ነው!

ጁቬንቱስ። እዚህ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የዚህን ሰው ነገር ያልገባው ሰው ጁቬንቱስን ያላየ ሰው ነው። በ2017 መጀመሪያ አሰልጣኙ አሌግሪ ሂጓይንን፣ ዲባላንና ኳድራዶን በአንድ ላይ ማሰለፍ ፈለገ። ማንዙኪችስ? 1 ሜትር ከ90 የሚሆነውን፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ዘጠኝ ቁጥር ወስዶ ግራ መስመር ላይ አቆመው። ለሌላ አጥቂ ይህ ቅጣት ነው፤ በማግስቱ ወኪሉ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። እሱ ግን እንደ ክንፍ ተጫዋችም እንደ ተመላላሽም ይሮጥ ጀመር። ቦኑቺ ከኋላ ረጅም ኳስ ሲልክ የተጋጣሚው አጭር የቀኝ ተከላካይ ከዚህ ግዙፍ ሰው ጋር አየር ላይ ይገናኛል፤ ውጤቱን መገመት አያቅትም። ኳስ ሲነጠቁ ደግሞ በራሱ የማዕዘን ባንዲራ አጠገብ ተንሸራቶ ከአሌክስ ሳንድሮ ፊት ኳስ ሲያስጥል ታየዋለህ። በዚያ ዓመት በሊጉ ያገባው 7 ጎል ብቻ ነው። ተንታኙ የሚያየው ይህችን 7 ነው። እኔ የማየው ሌላ ነው፦ ያ ቡድን በዚያ አሰላለፍ ባርሴሎናን በሁለት ጨዋታ አንድ ጎል ሳይቆጠርበት ሸኘው፣ ካርዲፍ ላይ እስከተደረገው የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ድረስም ሄደ። ለኔ ያንን ቡድን ቡድን ያደረገው የግራ መስመሩ ነው፤ ዲባላ አይደለም፣ ሂጓይንም አይደለም።

በካርዲፉ ፍጻሜማ ኳሷ መሬት ሳትነካ ከቦኑቺ ወደ ሳንድሮ፣ ከሳንድሮ ወደ ሂጓይን፣ ከሂጓይን ወደሱ ደረሰች። በደረቱ አበረዳትና ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ፣ አየር ላይ ተገልብጦ የሪያል ማድሪዱን በረኛ ናቫስን አሳልፎ ከተታት። ጁቬ 4 ለ 1 ተሸነፈ፤ ጎሏ ግን በስንት ቦታ ትደገማለች። አራት የሊግ ዋንጫ ከበላ በኋላ በ2019 አሰልጣኙ ሳሪ መጣ፤ ማንዙኪችም አንዲት ደቂቃ እንኳ ሳይጫወት ሄደ። አሁንም ሻንጣውን የሸከፈለት ሌላ ሰው ነው።

ለመሆኑ የክሮኤሺያውን ዳቮር ሱከርን ዘዋሪ ብሎት የሚያውቅ ሰው አለ? ኦሲየክ፣ ዲናሞ፣ ሴቪያ፣ ሪያል ማድሪድ፣ አርሰናል፣ ዌስት ሃም፣ 1860 ሙኒክ፤ ሰባት ነው። ግን ሱከር በ1998 ዓለም ዋንጫ በ6 ጎል የወርቅ ጫማ ወሰደና ጉዞው «ልምድ» ተባለለት። ማንዙኪች ለክሮኤሺያ በ89 ጨዋታ 33 ጎል አግብቶ ሲሰናበት ከፊቱ የነበረው ሱከር ብቻ ነበር። የሱ ጉዞ ግን «አለመርጋት» ሆነ። ምቀኝነት ነው እንዳልል ተንታኙ ከክሮኤሺያ ጋር የሚያመቀኝ ምን ጉዳይ አለው?

ኳታርን፣ ማለትም አል ዱሃይልን በተመለከተ አልከራከርም፤ ለገንዘብ ሄደ ይባል። ሚላንም አልሆነለትም፤ ጉዳት እያስቸገረው አንድ ጎል ሳያገባ ወጣ። ግን ያው «ገንዘብ የጠራው» ሰውዬ ሚላን እያለ በጉዳት ያልተጫወተበትን የመጋቢት 2021 ደመወዝ አልቀበልም ብሎ ለክለቡ መለሰ። ከዚህ ሌላ ተጎድቶ ደመወዝ የመለሰ አጥቂ ተንታኙ የሚያውቅ ከሆነ ስሙን በሬዲዮ ይንገረን።

በሚቀጥለው ሳምንት የደረጃውን ሁለተኛ ክፍል እንደሚያቀርብ ተናግሯል። ጃክሰን ማርቲኔዝን ስንተኛ እንደሚያደርገው ለመስማት እዚያው ታክሲ ውስጥ እገኛለሁ።