ለአዲስ አኳሪየም የመጀመሪያው ዓሣ፦ ክርክር

የክርክሩ ሐሳብ፦ «አዲስ አኳሪየም ውስጥ መጀመሪያ መግባት ያለበት ጠንካራ ዓሣ ነው።»

ደጋፊ

ጀማሪ ሰው ገንዳ ገዝቶ፣ አሸዋ አጥቦ፣ ውሃ ሞልቶ ባዶ መስታወት ሲያይ አይከርምም። ልጆቹም አያስከርሙትም። ዓሣ መግባቱ ካልቀረ የሚችለው ይግባ።

የኔ ምርጫ ዚብራ ዳኒዮ ነው። አገሩ ደቡብ እስያ ነው። ርዝመቱ ከ4 ወይም 5 ሴንቲሜትር አይበልጥም፤ ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ያለ ውሃ ይስማማዋል። የአዲስ አበባን የኅዳር ሌሊት ታውቁታላችሁ። ጋፒና ቤታ የሚባሉት ዓሣዎች ያለ ማሞቂያ ያንን ብርድ አይወዱም፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ማሞቂያውም ጌጥ ነው። ዳኒዮ ግን ይቋቋማል። ብቻውን አይወድም፤ ስድስት ያህል አድርጋችሁ ክዳን ግጠሙ፣ ይዘላልና። ቢሞትም ርካሽ ነው፤ ሰውየው ተምሮበት ይቀጥላል።

ተቃዋሚ

«ቢሞትም ርካሽ ነው።» ደግሜ አነበብኩት፤ እውነትም እንደዚያ ይላል።

አዲስ ገንዳ ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ከዓሣው ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ ይወጣል፤ መተንፈሻውን ያቃጥለዋል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ባክቴሪያ ናይትራይቱን ናይትሬት ያደርገዋል። ናይትሬት ብዙም አይጎዳም፤ ውሃ ስንቀይር ይቀንሳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ማጣሪያው ላይ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ውሃው ከቀዘቀዘ ይበልጥ ይዘገያል። እርስዎ ዳኒዮን የሚያስገቡት በዚህ መሃል ነው። ዓሣ ሳያስገቡ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል ቢያደርጉ ምግቡ በስብሶ ያንኑ አሞኒያ ይሰጣል። የሚቃጠል ፍጡር የለም።

ደጋፊ

እህቴ ከጻፍኩት ሁሉ አንዲት ሐረግ መዘዙ። ስለ ብርዱ ዝም፣ ስለ መብራቱ ዝም። ይሁን።

አንድ ነገር ይመልሱልኝ፦ ጀማሪው ውሃው ለዓሣ መድረሱን በምን ያውቃል? የውሃ መመርመሪያው በየሰፈሩ ሱቅ ይሸጣል? ካልተሸጠ የእርስዎ ቁንጥር ምግብ በጨለማ መዳበስ ነው። የኔ መንገድ ለሚታገሥ ሰው ይሠራል። ዓሣው ጥቂት፣ ምግቡ በሁለት ቀን አንዴ ይሁን። ሩብ ያህሉ ውሃ ቶሎ ቶሎ ይቀየር። የቧንቧው ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ክፍት ባልዲ ውስጥ ይደር። የኔዎቹ ይኸው አሉ።

ተቃዋሚ

የእርስዎ ዓሣዎች በመኖራቸው ደስ ብሎኛል። ርካሾቹስ?

ነጋዴው ይህን አስተሳሰብ ይወደዋል። ስድስት ይሸጣል፤ ያልቃሉ፤ ሌላ ስድስት ይሸጣል። ገዢው «ዓሣ አይሆንልኝም» ብሎ ገንዳውን የሽንኩርት ማስቀመጫ ያደርገዋል። ደግሞ የምንኖረው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። ናይትራይት ደግሞ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሁለቱን ይደምሯቸው። ዳኒዮ ቶሎ ስለማይሞት ውሃው ደህና ይመስልዎታል፤ እሱ ግን የተጎዳ መተንፈሻ ይዞ ይዋኛል።

ደጋፊ

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። «ርካሽ» ያልኩት የሰውን ኪስ ስለማውቅ ነው፤ ጨካኝ ስለሆንኩ አይደለም። ለኦክስጅኑ የአየር ፓምፕ አለ፤ አለቀ።

ይልቅ እውነተኛውን ጥፋት ልንገርዎ? ክብ ብርጭቆ ውስጥ፣ ያለ ማጣሪያ፣ ባንኮኒ ላይ የሚቀመጠው ጎልድፊሽ! እሱ ከ20 ሴንቲሜትር በላይ ያድጋል፤ በደህና ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል፤ ቆሻሻውም ብዙ ነው። ለጀማሪ የሚሸጡለት ግን እሱን ነው። ለምን እነሱን አይቆጡም?

ተቃዋሚ

አሁን ደግሞ ጎልድፊሽ መጣ። ብርጭቆው ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ግን ያንን ጎልድፊሽ የገዛው ሰው ምን አስቦ የገዛው ይመስልዎታል? «ጠንካራ ነው፣ ይችላል» ብሎ ነው።

እኔ የምለው ገንዳና ዓሣ በአንድ ቀን አይሸጥ ነው። ሻጩ ገንዳውንና ማጣሪያውን ይስጥ፤ ዓሣውን ለሌላ ጊዜ ይቅጠር።

ደጋፊ

ሱቁንም ይዝጋ ይበሉ እንግዲህ! ገዢው ዞር ብሎ ጎረቤት ሱቅ ይገዛል። ክርክራችን ስለ ዓሣ ነበር፤ አሁን የንግድ ፈቃድ ላይ ደረስን።

ተቃዋሚ

ጊዜውን ማሳጠር ይቻላል። ቆየት ካለ ገንዳ ማጣሪያ ላይ ቁራጭ ስፖንጅ ወስዶ አዲሱ ማጣሪያ ውስጥ መክተት ነው፤ ባክቴሪያው አብሮ ይመጣል። ብቻ በመንገድ እንዳይደርቅ።

ደጋፊ

ከማን ገንዳ?

ተቃዋሚ

ከእርስዎ። «ይኸው አሉ» ብለዋል።

ደጋፊ

እሰጣለሁ። ከሩብ በላይ ግን አላስነካም፤ የኔው ማጣሪያ ይራቆታል። ስፖንጅ ለወሰደ ሰው ደግሞ ስድስት ዳኒዮ እመርቃለሁ፤ በዚያው ቀን።