ቤቴ እወልዳለሁ ያለችውን እናት ከመቆጣታችን በፊት

«ሁለተኛውን ቤቴ ነው የምወልደው።» ይህን ቃል ጅማ ውስጥ ከአንድ በላይ ሴት ስትናገረው ሰምቻለሁ። የመጀመሪያ ልጃቸውን በኦፕሬሽን የወለዱ ናቸው። የሚሰማቸው ሰው ወዲያው ይቆጣል። «አብደሻል እንዴ?» ይላል። እኔም ቤት መውለዱን አልደግፍም፤ ለምን እንደማልደግፍ እጽፋለሁ። ግን ቁጣው ማንንም ከቤት አውጥቶ ሆስፒታል ሲያደርስ አላየሁም። ሴትየዋ ዝም ትላለች፣ ሐሳቧን አትቀይርም፣ ክትትሏንም ታቆማለች።

አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በኢትዮጵያ ከ100 ወሊዶች 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ ጤና ተቋም ውስጥ የሚከናወኑት። በ2019 ቁጥሩ 48 ደረሰ። ትልቅ ለውጥ ነው። ግን አብሮት አዲስ ነገር መጣ። ድሮ ቤት የሚወለደው ሆስፒታሉ ሩቅ ስለነበረ ወይም ስላልተለመደ ነው። አሁን ሆስፒታል ገብታ፣ ወልዳ፣ ያየችውን አይታ «በቃኝ» ያለች ሴት አለች። ለእሷ «ሆስፒታል ውለጂ» የሚለው የሬዲዮ ማስታወቂያ ምንም አይላትም።

ሄርማታ ሰፈር ቡና ላይ አንዲት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ያለችኝን ልንገራችሁ። «ቢላው አይደለም ያስፈራኝ። ብቻዬን መሆኔ ነው። እናቴ ውጭ በር ላይ፣ እኔ ውስጥ። ለምን እንደምቀደድ ማንም አልነገረኝም። ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምኩ።» ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ስትስቅም ስታስልም ቁስሏን በእጇ ደግፋ ነበር። ልጁን ሌላ ሰው እያነሳ ነበር የሚሰጣት። አሁን ደግሞ ገና ካርድ ስታወጣ «አንቺ ኦፕሬሽን ነሽ» ተባለች። አንድ ጥያቄ ሳትጠየቅ። «ቤት ከሆነ እናቴ ጀርባዬን ትይዘኛለች። ዱዓ ይደረግልኛል። ገንፎው ይገነፋል። ማን ይጮህብኛል?»

የዘረዘረችው ሁሉ ተገቢ ነው። አንዱም ቅንጦት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ እናት የመረጠችው ሰው በምጥ ጊዜ አብሯት እንዲሆን መክሯል።

ችግሩ ያለው ማሕፀኗ ላይ ነው። የተሰፋው ቦታ ምጥ ሲበረታ ሊተረተር ይችላል። የእንግሊዝ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ጊዜ በኦፕሬሽን ወልደው ቀጥሎ በምጥ ለመውለድ ከሚሞክሩ 200 እናቶች አንዷ ላይ ይህ እንደሚደርስ ይገልጻል። ከ200 አንድ ትንሽ ነው። እኔም ትንሽ ነው እላለሁ። ግን ይህ ቁጥር ሐኪም እየተከታተላቸው ሆስፒታል ውስጥ ካማጡ እናቶች የተገኘ ነው። በዚያ ላይ ጠባሳው ሲከፈት ምን እንደሚከተል ማወቅ ያስፈልጋል። ሕፃኑ አየር ያጣል። ያለው ጊዜ በደቂቃ ነው የሚቆጠረው። እናትየው የምትደማው ወደ ውስጥ ነው፤ ደሙ ውጭ ላይታይ ይችላል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት የሕፃኑ የልብ ምት መዛባት ነው። ይህን ደግሞ የልምድ አዋላጅ፣ እጇ የቱንም ያህል የተባረከ ቢሆን፣ በእጇ ልታውቀው አትችልም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን የጅማ ሰው ያውቀዋል። ሌሊት ነው። አምቡላንስ ይደወላል። አምቡላንሱ ሌላ እናት ይዞ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ከዴዶ ወይም ከጌራ ወረዳ በክረምት መንገድ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሄደበት ይመስክር። ከተማ ውስጥ ያለችውም ብትሆን ባጃጅ እስኪገኝ፣ ከባጃጁ እስክትወርድ፣ ኦፕሬሽን ክፍሉ እስኪዘጋጅ፣ ማደንዘዣ እስኪሰጥ፣ ደም እስኪመጣ አለ። ቤቷ ሆስፒታሉ አጥር ሥር ቢሆን እንኳ ይህ ሁሉ አይቀርላትም። በዚህ ምክንያት ሰፈር ያለው ጤና ጣቢያም ለእሷ አይበቃም። አብዛኞቹ ጤና ጣቢያዎች ኦፕሬሽን ክፍል የላቸውም። ጠባሳ ያላት እናት ማማጥ ያለባት ኦፕሬሽንና ደም ባለበት፣ እንደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ሸነን ጊቤ ባለ ሆስፒታል ነው።

አንድ ነገር በተለይ ይሰመርበት። ቤት ውስጥ ምጥ ለማፋጠን ሆድ ማሸት፣ መጫን፣ መርፌ ማስወጋት ወይም ኪኒን መውሰድ ጠባሳ ላለው ማሕፀን እጅግ አደገኛ ነው። ከወሊድ በኋላ ደም ለማቆም የሚሰጠው ሚሶፕሮስቶል የሚባለው ኪኒን ከወሊድ በፊት ለእሷ አይሆንም።

አሁን ወደ ሆስፒታሉ ልመለስ፤ እውነቱን ለመናገር ይበልጥ የሚያንገበግበኝ እዚያ ያለው ነው። «አንዴ በኦፕሬሽን የወለደች ሁሌም በኦፕሬሽን» የሚባለው ነገር መነሻ አለው። ክሬጊን የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም ነው እ.ኤ.አ. በ1916 የተናገረው። በዚያ ዘመን ማሕፀን የሚቀደደው ከላይ ወደ ታች ነበር፤ ያ ዓይነት ጠባሳ በእርግጥም በቀላሉ ይከፈታል። በኋላ የታችኛውን የማሕፀን ክፍል አግድም መቅደድ ተለመደ፤ ይኸኛው ጠባሳ ጠንከር ያለ ነው። ዛሬ አብዛኛው ኦፕሬሽን እንዲህ ነው የሚሠራው። ያው የእንግሊዙ መመሪያ እንደሚለው፣ አንድ ኦፕሬሽን ኖሯቸው በምጥ ከሚሞክሩ 100 እናቶች 72 እስከ 75 ያህሉ ይሳካላቸዋል። ከዚያ በፊት አንድ ልጅ በምጥ የወለደች ከሆነች ዕድሏ ከ85 እስከ 90 ይደርሳል። ታዲያ ካርድ ክፍል ላይ «አንቺ ኦፕሬሽን ነሽ» የተባለችው ሴት ይህን ማን ነገራት? ሙከራው ሆስፒታል ውስጥ እንደሚቻል ብታውቅ ኖሮ ቤቷን ትመርጥ ነበር?

ለሁሉም አይሆንም። ማሕፀኗ ከላይ ወደ ታች የተቀደደ፣ እንግዴ ልጁ የማሕፀን በር ላይ የተቀመጠ፣ ከዚህ በፊት ማሕፀኗ የተተረተረ እናት መሞከር የለባትም። ከአንድ በላይ ኦፕሬሽን ያላት፣ ወይም ካለፈው ወሊድ 18 ወር ሳይሞላት የምትወልድ ከሆነች ከስፔሻሊስት ጋር ረጋ ብላ መነጋገር አለባት። ይህን ለመለየት ግን ማስረጃ ያስፈልጋል።

እሱ ነው የሚጎድለው። ያቺ የሄርማታ ሴት ወረቀቶቿን በፌስታል ጠቅልላ አስቀምጣለች። አሳየችኝ። የልጁ የክትባት ካርድ አለ። የመድኃኒት ማዘዣ አለ። ጥግ ጥጉ የተበላ ስሊፕ ላይ ቀንና ፊርማ አለ። ማሕፀኗ እንዴት እንደተቀደደ፣ ለምን ኦፕሬሽን እንደተሠራላት የሚል አንድ መስመር ግን የለም። ሆዷ ላይ ያለው ጠባሳ አግድም ነው፤ ግን የቆዳው ጠባሳ የማሕፀኑን አይናገርም። ቆዳው አግድም ሆኖ ማሕፀኑ ከላይ ወደ ታች የተቀደደ ሊሆን ይችላል። ወረቀት ከሌለ ሐኪሙም ለመፍቀድ ይፈራል፤ አይፈረድበትም። እሷም ዕድሏን ታጣለች። ለምን እያንዳንዷ እናት ከሆስፒታል ስትወጣ በሦስት መስመር፣ በሚነበብ ጽሑፍ አይሰጣትም? የአቀዳደዱ ዓይነት፣ ምክንያቱ፣ ቀጣዩን በምጥ መሞከር ትችል እንደሆነ። ይህ በጀት አይጠይቅም። እስክሪብቶና የአምስት ደቂቃ ፈቃደኝነት ነው።

በር ላይ የቀረችው እናትስ? ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ሌሎች ሴቶችም አሉ፣ አውቃለሁ። በመጋረጃ የሚፈታ ነገር ነው። አንዲት ሴት ዘመድ አጠገቧ ብትቆም አዋላጇም ታርፋለች፤ ውኃ የሚያቀብል፣ ወገብ የሚያሽ ሰው ይኖራታል።

ከገጠር ለሚመጡት ደግሞ የእናቶች ማቆያ አለ። በአገራችን ጥሩ ምሳሌ አለን፤ ወልቂጤ አጠገብ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ሩቅ ያሉ እናቶችን ቀናቸው ሳይደርስ እያስቀመጠ አዋልዷል። በጅማ ዞንም ብዙ ጤና ጣቢያዎች ማቆያ አላቸው። ጠባሳ ላላት እናት ግን ማቆያው ኦፕሬሽን ባለበት ሆስፒታል ግቢ መሆን አለበት። ጎማ ወረዳ ላይ አስቀምጦ ምጥ ሲመጣ ወደ ጅማ ሪፈር መጻፍ ያው መንገድ ላይ ማዋለድ ነው።

አሁን ሰባትና ስምንት ወር ላይ ላላችሁ፦ ያለፈውን ኦፕሬሽን ወረቀት ሆስፒታሉ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ካርድ ክፍል ይፈለግ በሉ። አልትራሳውንድ ስትነሱ እንግዴ ልጁ የት እንደተቀመጠ ጠይቁ። «በምጥ መሞከር እችላለሁ ወይ? ካልቻልኩ ለምን?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። ጅማ ከተማ ዘመድ ያላችሁ ከ37ኛው ሳምንት ጀምሮ እሱ ጋ እረፉ። በምጥ መሐል ፋታ የማይሰጥ ሕመም፣ ደም፣ ድንገት የቆመ ምጥ ወይም ራስ መሳት ከመጣ ቅጽበት አይጠበቅም። ባሎችም የደም ዓይነቷን ካርዷ ላይ አስጽፉ፤ ሌሊት የሚያነሳ የባጃጅ ሹፌር ስልክም ከአሁኑ ያዙ።