የትኛው ጨው?

ስለ ውሃ ማጥራት ያነበብኩት ጽሑፍ «ጨው ሲገባበት ድፍርስ ውሃ ይጠራል» ይላል። ልክ ነው፤ ግን ዋናው ነገር ቀርቷል። የትኛው ጨው?

እዚህ ጅማ በክረምት አዌቱ ወንዝን ያየ ሰው ይገባዋል። ውሃው አፈር መስሎ ነው የሚወርደው። በብርጭቆ ቀድታችሁ ብታስቀምጡት አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል። ደቃቁ ሸክላ ግን አይወርድም። ቅንጣቶቹ ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ጨው ሲሟሟ የሚወጣው ፖዘቲቭ አዮን (ቻርጅ ያለው ቅንጣት) ሲበዛ ግፊያው ይዳከማል፤ ተጣብቀው ይወርዳሉ።

የቻርጅ ጉልበት የሚታየው እዚህ ጋ ነው። ሹልዝ-ሃርዲ በሚባለው የኬሚስትሪ ሕግ፣ የሚያስፈልገው የአዮን መጠን በቻርጁ 6ኛ ርቢ (ቻርጁ 6 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ) ይቀንሳል። በስሌት 1 አልሙኒየም (ቻርጁ 3) የሚሠራውን ለመሥራት ካልሲየም (ቻርጁ 2) 11 ገደማ፣ የገበታ ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም (ቻርጁ 1) ደግሞ 729 ያስፈልጋል! በተግባር ቁጥሩ ይለያያል። አልሙኒየም ውሃ ውስጥ ሃይድሮክሳይድ የሚባል የማይሟሟ ዝቃጭ ሆኖ ቆሻሻውን ጠርጎ ይወርዳልና። ለዚህ ነው የውሃ ማጣሪያ ጣቢያዎች አሉም የተባለውን የአልሙኒየም ጨው የሚጠቀሙት። በገበታ ጨው እናጥራ ካልን ውሃው ጨው ጨው ይላል።

በነገራችን ላይ የጠራ ውሃ ከጀርም የጸዳ ማለት አይደለም፤ እባካችሁ አፍልታችሁ ጠጡ።

የሽፈራው (ሞሪንጋ) ዛፍ ፍሬም ፖዘቲቭ ቻርጅ ባለው ፕሮቲኑ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ጸሐፊው በሚቀጥለው ቢያነሱት ደስ ይለኛል።