«ካርታው በአልሚው ስም ነው» ማለት ከግብር አያድንም

«ውጭ ነው የምኖረው፣ ከአልሚ (ቤት ሠርቶ ከሚሸጥ ድርጅት) የገዛሁት ቤት ካርታው ገና ወደ ስሜ አልዞረም፤ የጣሪያና ግድግዳ ግብሩ (ዓመታዊ የቤት ግብሩ) የአልሚው ነው» የሚለው ግማሹ ብቻ ነው ልክ። የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ውዝፉን የሚጠይቀው ካርታው ላይ በስሙ ያለውን ሰው ነው። ከአልሚው ጋር ያለው ሒሳብ ግን ሌላ ነው፤ ውሉ «ከርክክብ ቀን ጀምሮ ገዢው ይከፍላል» ካለ፣ አልሚው የከፈለውን መልሶ ሊጠይቅዎ ይችላል። በፍትሐብሔር ሕጉ አንቀጽ 1731 መሠረት ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው።

ጠቡ የሚፈነዳው በስም ዝውውር ሰሞን ነው፤ ውዝፍ ካለ ክሊራንስ (ከግብር ዕዳ ነጻ መሆንን የሚያሳይ ማስረጃ) አይገኝም። ስለዚህ የርክክብ ሰነዱን ቀን ይያዙ፣ ከአልሚው የየዓመቱን ደረሰኝ ይጠይቁ፣ ከርክክብ በፊት ያለውን ውዝፍ ለይተው በጽሑፍ ይቃወሙ። ቁልፍ የተረከበ ዘመድ የፈረመው ወረቀትም ቀን አለውና ያንብቡት።

ወኪል ከላኩ ውክልናው በኤምባሲ ተረጋግጦ፣ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ማለፍ አለበት። «ግብር መክፈል፣ ክሊራንስ ማውጣት፣ ስም ማዛወር» የሚሉት በግልጽ ይጻፉ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ቤቱ ያለው ለገጣፎ ከሆነ፣ ለገጣፎ የአዲስ አበባ ሳይሆን በኦሮሚያ ክልል ያለው የሸገር ከተማ ነው። አያት ያለ የአዲስ አበባ ጽሕፈት ቤት ወረፋ መያዝ ቀን ማባከን ነው።